ሁለት ቢጫ፣ አንድ ቀይ፦ የእግር ኳስ ፍርድ ለታዋቂውም ለማይታወቀውም እኩል ይመዝናልን?

በደቡብ ሪያድ የሚገኘው የሺፋ ሰፈር ቀኑን በብረት ድምፅ ያሳልፋል። የመኪና ጥገና ጋራዦች፣ የመለዋወጫ ሱቆችና የጎማ ቤቶች ከየአገሩ የመጡ ሠራተኞችን አንድ ላይ ያውላሉ፤ ኢትዮጵያዊው ከሱዳናዊው፣ የመናዊው ከግብፃዊውና ከፓኪስታናዊው ጎን ለጎን ይሠራል። ከዒሻ ሶላት በኋላ በሻይ ብርጭቆ ዙሪያ የሚያግባባቸው ቋንቋ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እግር ኳስ ነው። የአል ሂላልና የአል ነስር ክርክር ዐረብኛው ገና ላልተስተካከለለት አዲስ መጤም ቢሆን አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ጎል አንድ ጊዜ ከተቆጠረ ክርክሩ ቶሎ ይበርዳል። ቅጣት ግን እንዲህ አይበርድም። ማን ታገደ፣ ለስንት ጨዋታ ታገደ፣ ማንስ በዝምታ ታለፈ፣ በዚህኛው ላይ የተፈረደው በዚያኛው ላይ ለምን አልተፈረደም የሚለው ጥያቄ ሳምንታትን ይሻገራል። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ከአገሩ ርቆ የሚሠራ ሰው የኑሮው ብዙ ነገር በደንብ፣ በወረቀትና በቀነ ገደብ የተያዘ ስለሆነ፣ አንድ ደንብ ለሁሉም እኩል ሲሠራ የሚሰጠውን እፎይታ፣ ሳይሠራ ሲቀርም የሚያሳድረውን ቅሬታ ጠንቅቆ ያውቃል።

የሪያድ ነዋሪ በቅርብ የሚያስታውሰው ጉዳይ የተፈጸመው ከሺፋ በተቃራኒ፣ በከተማዋ ሰሜናዊ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2024 አል ነስር በአል ሸባብ ሜዳ ተጫውቶ ባለሜዳውን 3 ለ 2 አሸነፈ። ክርስቲያኖ ሮናልዶ ከጎሎቹ አንዱን በፍጹም ቅጣት ምት አስቆጥሯል። ጨዋታው ሲያበቃ ከአል ሸባብ ደጋፊዎች መካከል የሊዮኔል ሜሲን ስም እየደጋገሙ የሚጮኹ ነበሩ። ሮናልዶ እጁን ወደ ጆሮው አስጠግቶ እንደሚያዳምጥ ሰው ከሆነ በኋላ ነውር የተባለ የእጅ ምልክት አሳየ። ድርጊቱን ለዓለም ያሰራጨው የቴሌቪዥን ካሜራ ሳይሆን በተመልካች መቀመጫ ላይ የነበረ የእጅ ስልክ ነው። ጉዳዩም ከሜዳ ወደ ጽሕፈት ቤት ተሸጋገረ።

የሳውዲ አረቢያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የሥነ ሥርዓትና ሥነ ምግባር ኮሚቴ ውሳኔውን የሰጠው በቀናት ውስጥ ነበር። ተጫዋቹ አንድ ጨዋታ ታገደ፤ ለፌዴሬሽኑ 10,000 ሪያል፣ ለአል ሸባብ ደግሞ ክለቡ አቤቱታውን ለማቅረብ ላወጣው ወጪ 20,000 ሪያል እንዲከፍል ተወሰነበት። ውሳኔው ይግባኝ የማይባልበት መሆኑም አብሮ ተገለጸ። ሮናልዶ በተከታዩ ጨዋታ አልተሰለፈም፤ አል ነስርም ከአል ሐዝም ጋር 4 ለ 4 በሆነ ውጤት ተለያየ።

በዚህ ውሳኔ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሚዛን አለ። ሠላሳ ሺህ ሪያል ማለት 8,000 ዶላር ነው። በሺፋ ለሚሠራ መካኒክ ይህ የብዙ ወራት ልፋት ዋጋ ሲሆን፣ በዓለም ላይ ከፍተኛ ክፍያ ከሚያገኙት ስፖርተኞች አንዱ ለሆነው ሰው ግን ከኪሱ መውጣቱ የሚታወቅ ገንዘብ አይደለም። የገንዘብ ቅጣት በቁጥር እኩል ሆኖ ሳለ በክብደት እጅግ ይለያያል። የጨዋታ እገዳ ግን ከዚህ ይሻላል። ባለጸጋውም ሆነ በአነስተኛ ደመወዝ የሚጫወተው ልጅ የሚያጣው ያንኑ ዘጠና ደቂቃ ነው፤ ቡድኑም ጉድለቱን ይቀምሳል። ያ የአራት ለአራት ውጤት ከሠላሳ ሺህ ሪያሉ በላይ ሳያስተምር አልቀረም።

ይግባኝ አለመፈቀዱ በወቅቱ ብዙዎችን አስገርሟል። ሆኖም ይህ የሳውዲ ብቻ ልማድ አይደለም። የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ማኅበር የፊፋ የዲሲፕሊን ደንብም እስከ ሁለት ጨዋታ በሚደርስ እገዳ ላይ ይግባኝ አይፈቅድም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የውድድር መርሐ ግብር በየሦስትና በየአራት ቀኑ ስለሚሮጥ እያንዳንዱ አነስተኛ ቅጣት ወደ ክርክር ቢሄድ ሊጉ በችሎት ብዛት ይቆማል። ዋጋው ግን መጀመሪያ የሚፈርደው ኮሚቴ ላይ ይወድቃል። የሚያርመው የሌለ ዳኛ ከሌላው ይልቅ በጥንቃቄ የማዳመጥና ምክንያቱን አጥርቶ የመጻፍ ግዴታ አለበት።

ሌላም መነሣት ያለበት ነገር አለ። ተጫዋች ብቻውን አያጠፋም፤ ከተመልካች መቀመጫ የሚወርደውም ይመዘናል። የአል ሸባቡ ጉዳይ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ኤፕሪል 11 ቀን 2024 በአቡ ዳቢ በተደረገው የሳውዲ ሱፐር ካፕ ፍጻሜ አል ሂላል አል ኢቲሐድን 4 ለ 1 ከረታ በኋላ፣ የኢቲሐዱ አጥቂ ሞሮኳዊው አብደራዛቅ ሐምዳላህ ከተመልካች ጋር ሲነታረክ ውኃ ረጨ፤ ተመልካቹም ጅራፍ አውጥቶ ገረፈው። ምስሉ ዓለምን አስደነገጠ፤ ፌዴሬሽኑም ድርጊቱን አወገዘ። ውኃ የረጨ ተጫዋችና ጅራፍ ይዞ ስታዲየም የገባ ተመልካች በአንድ ሚዛን ላይ ሊቀመጡ አይችሉም። ነገር ግን ለተጫዋቹ የተዘጋጀ ዝርዝር የቅጣት ሰንጠረዥ ሲኖር፣ ተመልካቹን የሚነካው ደንብ በብዙ አገሮች የሳሳ ነው፤ ቅጣቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በክለቡ ላይ እንጂ ባጠፋው ግለሰብ ላይ አይደለም።

ምንያህልና ሁለቱ ቢጫ ካርዶች

ኢትዮጵያዊው አንባቢ ስለ ቅጣት ሲነሣ ከሮናልዶ አስቀድሞ የሚያስታውሰው ስም አለ፦ የዋልያዎቹ አማካይ ምንያህል ተሾመ።

ጊዜው 2005 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2013) ነበር። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰችበት በዚያው ዓመት፣ በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ብሔራዊ ቡድን ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ምድቡን ይመራ ነበር። ሰኔ 1 ቀን ሎባትሴ ላይ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፈ። ከስምንት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 9 ቀን፣ ደቡብ አፍሪካ አዲስ አበባ ገባች። በርናርድ ፓርከር እንግዶቹን መሪ አደረገ፤ ጌታነህ ከበደ አቻ አደረገ፤ ከዕረፍት በኋላ ያው ፓርከር ኳሷን በራሱ መረብ ላይ አሳረፋት። 2 ለ 1። ዋልያዎቹ በ13 ነጥብ ከምድባቸው አልፈዋል ተባለ፤ ሕዝቡም ጎዳናውን ሞላው።

የደስታው ድምፅ ገና ሳይበርድ፣ በዚያው ዕለት፣ ፊፋ በኢትዮጵያ ላይ ምርመራ መክፈቱን አስታወቀ። ምንያህል ተሾመ በሎባትሴው ጨዋታ መሰለፍ አልነበረበትም። በሰኔ ወር 2012 እ.ኤ.አ. ሩስተንበርግ ላይ ከደቡብ አፍሪካ ጋር፣ በማርች 2013 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ከቦትስዋና ጋር በተደረጉት ጨዋታዎች ቢጫ ካርድ አይቷል። በአንድ ውድድር በሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ ያየ ተጫዋች ቀጣዩን ጨዋታ በቀጥታ ያልፈዋል። በሁለቱ ካርዶች መካከል ከዘጠኝ ወር በላይ ተቆጥሯል፤ ቆጠራውን የሚይዘው ሰው ግን አልቆጠረውም።

የፌዴሬሽኑ ኃላፊዎች ጥፋቱን አመኑ። ፊፋም የሎባትሴውን ውጤት ሽሮ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ፎርፌ ሰጠ፤ በፌዴሬሽኑ ላይ የ6,000 የስዊስ ፍራንክ ቅጣት ጣለ። የኢትዮጵያ ነጥብ ከ13 ወደ 10 ወረደ፤ ደቡብ አፍሪካ 8፣ ቦትስዋና 7 ይዘው በተስፋ ተመለሱ። ዋልያዎቹ ያለፉበትን ምድብ እንደገና ማለፍ ነበረባቸው። ጳጉሜን 2 ቀን ብራዛቪል ላይ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን 2 ለ 1 አሸንፈው አለፉት። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉም ያስታውሰዋል፤ በመጨረሻው ዙር ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸንፋ ጉዞውን ገታችው።

የዚህ ጉዳይ ምሬት ከምን እንደሚመነጭ ማጤን ያስፈልጋል። ምንያህል በሎባትሴ ማንንም አልመታም፣ ማንንም አልሰደበም፣ ማንነቱን አልደበቀም፣ ዕድሜውን አልቀየረም። ሜዳ ላይ የቆመው አሠልጣኙ ስለመረጠው ነው፤ አሠልጣኙ የመረጠው ደግሞ መታገዱን የሚነግረው ባለመኖሩ ነው። ጥፋቱ የጽሕፈት ቤት፣ ቅጣቱ የአሥራ አንዱ ተጫዋቾችና የሕዝቡ ሆነ። ለዓመታት በየሻይ ቤቱ ሲነሣ የኖረውም ስም ያላጠፋው ተጫዋች ስም ነው።

ፍርዱ ጨካኝ ነበርን? በውጤቱ ሲታይ ጨካኝ ነበር። አድልዎ ነበረበትን? ይህ ሌላ ጥያቄ ነው፤ መልሱም አልነበረበትም የሚል ነው። በዚያው የማጣሪያ ውድድር ሱዳን ዛምቢያን 2 ለ 0 አሸንፋ ያገኘችው ነጥብ በተመሳሳይ ምክንያት ተወስዶባታል። ቡርኪና ፋሶ ከኮንጎ ጋር የተለያየችበት የ0 ለ 0 ውጤት ወደ 3 ለ 0 ሽንፈት ተለውጧል። ቶጎ ካሜሩንን ሎሜ ላይ 2 ለ 0 ካሸነፈች በኋላ የታገደ ተጫዋች በማሰለፏ ድሉን አጥታለች። ከሁሉ የሚያስደንቀው የኬፕ ቨርዴ ታሪክ ነው። ኢኳቶሪያል ጊኒ ያልተፈቀደለት ተጫዋች አሰልፋ 4 ለ 3 ስታሸንፋት ፊፋ ውጤቱን ለኬፕ ቨርዴ አዞረ፤ ኬፕ ቨርዴ በዚህ ዕድል ተጠቅማ ቱኒዚያን 2 ለ 0 አሸንፋ ምድቡን ስትመራ ደግሞ፣ የታገደ ተከላካይ አሰልፋ ተገኘችና ድሉ ወደ ቱኒዚያ ዞረ። ደንቡ ትናንት የጠቀመውን ዛሬ ሲጎዳ ዓይኑን አላሸም። ለነገሩ ያቺ ትንሽ ደሴታዊት አገር ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ2025፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ አልፋለች።

ያኔ በኢትዮጵያ ምድብ የነበረችው ደቡብ አፍሪካም ተራዋን አላጣችም። ማርች 21 ቀን 2025 ሌሶቶን 2 ለ 0 ስታሸንፍ አማካይዋ ቴቦሆ ሞኮዌና ሁለት ቢጫ ካርድ ነበረበት፤ ያየውም ከቤኒንና ከዚምባቡዌ ጋር ነው። ሌሶቶ በወቅቱ ተቃውሞ አላስገባችም። ፊፋ ውሳኔውን ያሳወቀው ሴፕቴምበር 29 ቀን ነው፦ ለሌሶቶ 3 ለ 0 ፎርፌ፣ በደቡብ አፍሪካ ላይ 10,000 የስዊስ ፍራንክ። ደቡብ አፍሪካ እንደ ዋልያዎቹ ሁሉ በመጨረሻው ቀን ሩዋንዳን 3 ለ 0 አሸንፋ ምድቧን አለፈች።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል ግን ሊታለፍ የማይገባ ልዩነት አለ። በኢትዮጵያ ጉዳይ ምርመራው የተከፈተው ከጨዋታው በስምንተኛው ቀን ሲሆን፣ በደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ፍርዱ ስድስት ወር ፈጅቷል። በዚያ ስድስት ወር ውስጥ የምድቡ ቡድኖች ነጥባቸውን በእርግጠኝነት ሳያውቁ ተጫውተዋል። በመጨረሻ የተሰጠው ፍርድ ትክክል ቢሆንም፣ ሲዘገይ ተፎካካሪዎችንም ያለ ጥፋታቸው ይቀጣል።

የደብሊን ክርን

ካርድ መቁጠር ሒሳብ ነው፤ ሁለት ከሆነ ሁለት ነው። የጠባይ ጥፋት ግን በሒሳብ አይያዝም። ስንት ጨዋታ ይበቃዋል፣ ሆን ብሎ ነው ወይስ በስሜት፣ ከዚህ በፊት አጥፍቷል ወይ የሚለውን የሚመዝነው ሰው ነው። የደጋፊው ጥርጣሬ የሚያድረውም እዚሁ ላይ ነው።

ኖቬምበር 13 ቀን 2025 ፖርቱጋል ደብሊን ላይ በአየርላንድ 2 ለ 0 በተሸነፈችበት የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ፣ ሮናልዶ ተከላካዩን ዳራ ኦሼይን በክርኑ መታ። ዳኛው መጀመሪያ ቢጫ አሳዩ፤ የቪዲዮ ምስሉን ካዩ በኋላ ወደ ቀይ ለወጡት። በ226 የብሔራዊ ቡድን ጨዋታዎች የመጀመሪያው ቀይ ካርዱ ነበር። የፊፋ ደንብ በክርን፣ በቡጢ ወይም በእርግጫ ለሚፈጸም ጥቃት ቢያንስ የሦስት ጨዋታ እገዳ ይደነግጋል። ሦስቱም ቢጸኑ ኖሮ፣ አንዱን ከአርሜንያ ጋር ከፈጸመ በኋላ፣ በዓለም ዋንጫው የፖርቱጋል የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎች ያመልጡት ነበር።

ኖቬምበር 25 ቀን ውሳኔው ተሰማ። ቅጣቱ ሦስት ጨዋታ ሆኖ፣ ሁለቱ ለአንድ ዓመት በገደብ ተያዙ። በዓመቱ ውስጥ ተመሳሳይ ጥፋት ከፈጸመ ገደቡ ይነሣና ሁለቱን ጨዋታዎች ወዲያውኑ ይቀጣል፤ ካልፈጸመ ይታለፋሉ። ፊፋ የተጠቀመበት የደንቡ 27ኛ አንቀጽ ለማንኛውም ተጫዋች የተጻፈ እንጂ ለሮናልዶ የተፈጠረ አይደለም። በገደብ መቅጣት በፍርድ ቤትም የታወቀ አሠራር ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳሳተ ሰው ከልማደኛው ተለይቶ መታየቱም ፍትሐዊ ነው።

ችግሩ ያለው ከአንቀጹ ላይ አይደለም። አንቀጹ መቼ እንደሚሠራና መቼ እንደማይሠራ ሕዝብ በሚያየው መንገድ አለመታወቁ ላይ ነው። ለቀጣዩ ማጣሪያ ክርኑን የሰነዘረ የአንድ ትንሽ አገር ተከላካይ፣ እሱም መቶ ጨዋታ ያለ ቀይ ካርድ ያሳለፈ ቢሆን፣ ያንኑ አንቀጽ ጠቅሶ ያንኑ ገደብ ማግኘት ይችላልን? ከቻለ የሮናልዶ ውሳኔ ደንብ ሆነ ማለት ነው። ካልቻለ ስጦታ ነበር። ሎባትሴን የማይረሳ ኢትዮጵያዊ ደጋፊ ይህን ሲጠይቅ ቅናት ነው ሊባል አይገባም፤ ምንም ጉዳት ባላደረሰው በምንያህል መሰለፍ ላይ ገደብ የሚባል ነገር አልተነሣም፣ በደንቡም ሊነሣ አይችልም ነበር። ሰው የመታ ክርን በዕርቅ ሲታይ፣ በወረቀት ላይ የቀረ ቁጥር በሰይፍ መታየቱ ደንቡን የጻፉት ሰዎች ራሳቸው ሊመለከቱት የሚገባ ነገር ነው።

በፊፋ አሠራር ብዙ ውሳኔዎች መጀመሪያ የሚደርሱት በውጤታቸው ብቻ ነው። ሙሉ ምክንያቱን በጽሑፍ የሚፈልግ ወገን በአሥር ቀን ውስጥ መጠየቅ አለበት፤ ካልጠየቀ ውሳኔው ይጸናል። አቅም ያለው ክለብ በማግስቱ ጠበቃ ያቆማል። በአንዲት ትንሽ ከተማ የሚጫወት ልጅ ግን ደብዳቤው ከክለቡ ጸሐፊ መሳቢያ ሳይወጣ አሥሩ ቀን ሊያልፍ ይችላል። ፊፋ ለተቸገሩ ተከራካሪዎች የነጻ ሕግ ድጋፍ መንገድ በደንቡ አስቀምጧል፤ መንገዱን ማወቅ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

በሳውዲ አረቢያ ከኮሚቴ ውሳኔ ቀጥሎ የሚሄዱበት በር የሳውዲ የስፖርት ግልግል ማዕከል ነው። በ2022 የብሔራዊ ቡድኑ አማካይ መሐመድ ካኖ ከአል ነስር ጋር ከተፈራረመ በኋላ ውሉን ከአል ሂላል ጋር በማደሱ በተነሣው ክርክር፣ የፌዴሬሽኑ የውዝግብ መፍቻ አካል ተጫዋቹን ለአራት ወር አገደ፤ አል ሂላልን ለሁለት የዝውውር ወቅቶች ተጫዋች እንዳያስመዘግብ ከለከለ፤ ለአል ነስርም 27 ሚሊዮን ሪያል እንዲከፈል ወሰነ። ጉዳዩም ወደ ግልግል ማዕከሉ አመራ። የአገሪቱ ትልቁ ክለብ፣ የእስያ ሻምፒዮን ሆኖ ሳለ፣ ከዚህ አለማምለጡ በወቅቱ በሪያድ የሁለቱንም ወገን ደጋፊዎች አፍ ያስያዘ ነገር ነበር። አንዱ ወገን ቅጣቱ በዛ አለ፣ ሌላው አነሰ አለ፤ ክርክሩ የት እንደሚታይና በማን እንደሚታይ ግን ሁለቱም ያውቁ ነበር።

በኢትዮጵያ ሊግ ነገሩ ከዚህ የከበደበት ጊዜ አለ። ሚያዝያ 2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም መከላከያና ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ ሲጫወቱ፣ በጎል ውሳኔ የተቆጡ የወልዋሎ ሰዎች ዳኛውን አሳድደው ደበደቡ። ፌዴሬሽኑ ሊጉን ለጊዜው አቆመ። ዳኛ ሲደበደብ የሚጎዳው አንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ፊሽካ የሚይዘው ሰው የሚያየውን እንዳያይ ይደረጋል። በዚያ ወቅት ዳኞች ያነሡት የደኅንነት ጥያቄ ከካርድ ብዛትና ከእገዳ ርዝመት ሁሉ የሚቀድም ነበር። ዳኛው ያለ ፍርሃት ካልጻፈ፣ ኮሚቴው የሚመረምረው ሪፖርት ራሱ እውነት አይሆንም።

ከዚያ ወዲህ የፕሪሚየር ሊጉን የሚያስተዳድረው አክሲዮን ማኅበር የውድድርና የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ የየሳምንቱን ጨዋታዎች ሪፖርት መርምሮ ውሳኔዎቹን ለሕዝብ ያሳውቃል። በዝርዝሩ ውስጥ ቀይ ካርድ ያየው ተጫዋች፣ የቢጫ ካርዱ ቁጥር ሞልቶ ቀጣዩን ጨዋታ የሚያልፈው፣ ደጋፊዎቹ ስላጠፉ የሚቀጣው ክለብ በየስማቸው ይጠራሉ። ሪያድ የሚኖር ደጋፊም በስልኩ ያነበዋል፤ የቡድን መሪውም የአሰላለፍ ቅጹን ከመፈረሙ በፊት ከዚሁ ዝርዝር ጋር ያመሳክረዋል።